ቡድኑ ከውጭ ጉዞ ተመለሰ፤ ተጫዋቾቹን በምን እንገምግም? ችግርና መፍትሄ

የክሪኬት ብሔራዊ ቡድን ከሜዳው ውጪ ተሸንፎ ሲመለስ ፍርዱ ተጫዋቾቹ ቤታቸው ሳይገቡ ያልቃል። አንዱ «እገሌ አርጅቷል» ይላል። ሌላው «እገሌ ይባረር» ይላል። ሁሉም የሚከራከረው የአማካይ ሠንጠረዡን ይዞ ነው። ከዚያ መራጮቹ ሁለት ሦስት ሰው ይቀይራሉ፤ በሚቀጥለው ጉዞ ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል፣ ምክንያቱም የተቀየረው ሰው እንጂ በሽታው አልነበረም።

እኔ ከምልክቱ ልነሳ። የማወራው ስለ አምስት ቀኑ ጨዋታ፣ ስለ ቴስት ነው። ለክሪኬት አዲስ ለሆነ፦ ወርዋሪው ኳስ ይወረውራል፣ መቺው በባት እየመታ ራን (ነጥብ) ያመጣል፤ መቺ ሲወጣ ወርዋሪው ዊኬት ወሰደ ይባላል፤ የመምታት ተራው ኢኒንግ ነው፤ የመቺ አማካይ ደግሞ ራኑ በወጣበት ብዛት ሲካፈል ነው። ምሳሌዎቼ በብዛት ከህንድ ቡድን ጉዞዎች ናቸው፤ ዓመቶቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ግን ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ወረቀት ያዙ። መቺ ከሆነ ስንት ኳስ እንደገጠመ፣ በማን ኳስ እንደወጣ፣ ኳሱ የት እንዳረፈ፣ አዲስ ነበር ወይስ ያረጀ፣ እሱ ሲገባ ቡድኑ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበር ጻፉ። ወርዋሪ ከሆነ ስንት ኦቨር (አንዱ ስድስት ኳስ ነው) እንደወረወረ፣ በሱ ኳስ ስንት ካች (መሬት ሳይነካ ቢያዝ መቺውን የሚያወጣ ኳስ) እንዳመለጠ ጻፉ። አማካዩን መጨረሻ ላይ ጻፉት። ቀድማችሁ ካያችሁት ሌላውን ሁሉ በሱ ዓይን ነው የምታነቡት።

ምልክት፦ ቡድኑ በሙሉ በአንድ ጊዜ ፈረሰ

ህንድ በዲሴምበር 2020 አዴሌድ ላይ በ36 ራን ብቻ ወጣች። አንድም መቺ 10 አልደረሰም። የአውስትራሊያው ወርዋሪ ጆሽ ሄዝልዉድ 8 ራን ብቻ ሰጥቶ 5 ዊኬት ወሰደ፣ ጓደኛው ፓት ከሚንስ በ21 ራን 4 ወሰደ። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ የሁሉም ፎርም የወደቀ ይመስላል።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ተደባልቆ ነው። ጥሩ ኳስ መቺውን ያወጣዋል፤ ወይም ደግሞ መቺው ራሱ በሩን ከፍቶ ይወጣል። ኳስ በባቱ አጠገብ ሳይነካ ማለፉ በየጨዋታው ያለ ነገር ነው፤ አንዳንድ ቀን ግን ያለፈው ሁሉ ጠርዙን ነክቶ ከኋላ የቆሙት እጅ ይገባል። በዚያ ጨዋታ ግን አንድ ሰው የተለየ ነበር። የህንዱ መቺ ፕሪትቪ ሾው በሁለቱም ኢኒንግ ኳሱ በባቱና በእግሩ መከላከያ መሃል አልፎ ከኋላው የተተከሉትን እንጨቶች መታበት። እሱ የዕድል ጉዳይ አይደለም፣ የቴክኒክ ክፍተት ነው።

መፍትሄው እያንዳንዱን መውጣት ለየብቻ በቪዲዮ ማየትና በሁለት ዓምድ መክፈል ነው፦ «ኳሱ ያወጣው» እና «እሱ የወጣው»። ሁለተኛው ዓምድ ውስጥ ደጋግሞ ስሙ የሚገኘውን ሰው ብቻ አውጥታችሁ አነጋግሩ። ህንድ ያኔ ሾውን አሳረፈች፣ ሹብማን ጊል ገባ፣ ሪሻብ ፓንት በዊኬት ጠባቂነት (ከእንጨቶቹ ጀርባ ቆሞ ኳስ በመያዝ) ገባ። መቺዎቹ ፑጃራና ራሃኔ ግን በቦታቸው ቆዩ። በቀጣዩ ጨዋታ ሜልቦርን ላይ ራሃኔ 112 መታ፣ ቡድኑም አሸነፈ። ጃንዋሪ 2021 ላይ ደግሞ አውስትራሊያ ከ1988 ጀምሮ ያልተሸነፈችበት የብሪዝበን ሜዳ ላይ 328 ራን አሳድደው ተከታታይ ጨዋታዎቹን 2 ለ1 ወሰዱ። በአዴሌድ ማግስት ሁሉም ይባረር ቢባል ኖሮ ይሄ አይመጣም ነበር።

ምልክት፦ በሜዳው ንጉሥ የሆነ መቺ ውጭ ሲሄድ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ይወጣል

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፣ ምክንያቱም ግምገማ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው።

የህንዱ መቺ ቪራት ኮህሊ በ2014 እንግሊዝ ሄዶ በ10 ኢኒንግ 134 ራን ብቻ አገኘ። አማካዩ 13.40 ነበር። የእንግሊዙ ወርዋሪ ጄምስ አንደርሰን ብቻውን አራት ጊዜ አወጣው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው «ኮህሊ እንግሊዝ ላይ አይችልም» ብሎ ይዘጋዋል። ቪዲዮውን ያየ ግን ኳሱ ከእንጨቶቹ ትንሽ ወጣ ብሎ ሲያርፍና ወደ ውጭ ሲታጠፍ እጁ እንደሚከተለው፣ እግሩ ግን እንደሚቀር ያያል። ይሄ የሚታከም ነገር ነው። ኮህሊም አከመው፤ ከመስመሩ ወጣ ብሎ መቆም ጀመረ፣ ኳሱ ሳይታጠፍ እንዲደርስበት ወደፊት መራመድ ጀመረ። በ2018 ተመልሶ ሲሄድ በአምስት ቴስት 593 ራን መታ። አንደርሰን አንዴም አላወጣውም።

ታሪኩ ግን እዚያ አያልቅም። በ2024–25 አውስትራሊያ ላይ ኮህሊ በ9 ኢኒንግ 190 ራን መታ፣ አማካይ 23.75። መጥፎ ነው፣ ግን የከፋ አይመስልም። ወረቀቱን ዘርዝሩትና ተመልከቱ፦ ከ190ው 100ው ፐርዝ ላይ ሳይወጣ በአንድ ኢኒንግ ያገኘው ነው። የቀረው 90 ራን በስምንት መውጣት የተገኘ ነው፤ ሲካፈል 11 ከሩብ። ስምንቱንም ጊዜ ደግሞ ከኋላው በቆሙት፣ በዊኬት ጠባቂው ወይም በስሊፕ (ከሱ ጎን በሚቆመው) እጅ ነው የተያዘው። የአውስትራሊያው ወርዋሪ ስኮት ቦላንድ ብቻውን አራት ጊዜ አወጣው። አሮጌው ቁስል ተመልሷል፤ አማካዩ ግን የፐርዙን መቶ ተከልሎ ይሄን ደብቆታል።

ስለዚህ ሁለት ሥራ አለ። አንደኛ፣ ትልቁን ኢኒንግ አውጥታችሁ የቀረውን ብቻ ቁጠሩ። ትልቁ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም፤ ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ማየት ነው የሚጠቅመው። ሁለተኛ፣ አወጣጡን ደርድሩ። ሁለቴ አንድ ዓይነት ከሆነ ሊገጥም ይችላል። ከዚያ ካለፈ ግን ባላጋራው አውቆበታል ማለት ነው፣ የሚቀጥለው ቡድንም ያንኑ ቪዲዮ እያየ ነው የሚመጣው።

ልምምዱ ደግሞ በትክክለኛው ኳስ ይሁን። ብዙ ሰው ይሄን ይዘነጋል። እንግሊዝና ዌስት ኢንዲስ የሚጫወቱት በዱክስ ኳስ ነው፤ ስፌቱ ጎላ ያለ ነው፣ ረዘም ላለ ጊዜ በአየር ላይ ይታጠፋል። አውስትራሊያ፣ ደቡብ አፍሪካና ኒውዚላንድ ኩካቡራ ይጠቀማሉ፤ የሱ ስፌት ቶሎ ይተኛል፣ ፒቹ (ኳሱ የሚያርፍበት መሬት) ግን ከፍ ያለ ንጥረት ይሰጠዋል። ህንድ ውስጥ ያለው ኤስጂ ነው። ዱክስ ያስቸገረውን ሰው በኤስጂ ኳስ፣ በተኛ ፒች ላይ አንድ ወር ብታለማምዱት በራስ መተማመኑን ይመልስለታል፣ ክፍተቱን ግን አይዘጋለትም።

ምልክት፦ «ቀርፋፋ ነው፣ ራን አያመጣም»

አጭር ነው። ቼቴሽዋር ፑጃራ በ2020–21ዱ የአውስትራሊያ ጉዞ 271 ራን መታ፣ አማካዩ 33.87። ብዙም የሚያስደንቅ አይደለም። የገጠማቸው ኳሶች ግን 928 ናቸው። ብሪዝበን ላይ በመጨረሻው ቀን በ211 ኳስ 56 ብቻ መታ፤ ደረቱን፣ ክንዱን፣ ጣቱን፣ የራስ መከላከያውን ኳስ ደጋግሞ እየመታው ቆመ። ፓንት መጥቶ 89 ሳይወጣ ጨዋታውን ሲጨርስ ወርዋሪዎቹ ደክመው ነበር። የዚህ ምክንያት ሥራውን በተሳሳተ ሚዛን መለካት ነው። መፍትሄው ከጉዞው በፊት «ያንተ ሥራ ይሄ ነው» የተባለውን ማየትና በሱ መመዘን ነው። እንዲያቆም የላካችሁትን ሰው ለምን አልሮጥክም አትበሉት።

ሜዳውንም አትርሱ። ጃንዋሪ 2025 ሲድኒ ላይ በአራቱም ኢኒንግ አንድም ቡድን 200 አልደረሰም። በህንድ የመጀመሪያ ኢኒንግ ትልቁ ውጤት የፓንት 40 ነበር። ያ 40 ሌላ ፒች ላይ ከሚመታ 100 ሊበልጥ ይችላል። የአንዱን ራን በዚያው ጨዋታ ሌሎች ካመጡት ጋር አስተያዩት፤ ባላጋራዎቹንም ጨምሩ።

ምልክት፦ አንድ ወርዋሪ ብቻውን ተሸከመ፣ መጨረሻ ላይ ተሰበረ

የህንዱ ወርዋሪ ጃስፕሪት ቡምራ በ2024–25ቱ የአውስትራሊያ ጉዞ 32 ዊኬት በ13.06 አማካይ ወሰደ፤ የወርዋሪ አማካይ ለአንድ ዊኬት የሰጠው ራን ነው፣ ሲያንስ ይሻላል። ድንቅ ነው። ህንድ ግን 3 ለ1 ተሸነፈች። ከ150 ኦቨር በላይ ወርውሮ በመጨረሻው ጨዋታ ጀርባውን ታመመ፤ አውስትራሊያ ለማሸነፍ 162 ስትፈልግ እሱ መወርወር አልቻለም። ግምገማው «ቡምራ 10 ከ10፣ ሌሎቹ ደካማ» ብሎ ካበቃ ምንም አልገመገመም። ሊጠየቅ የሚገባው ከሌላኛው ጫፍ ማን ጫና ያዝ የሚለው ነው። አንዱ ወገን ራን የሚያፈስ ከሆነ መቺዎቹ ቡምራን ዝም ብለው ያሳልፉትና ሌላውን ይጠብቃሉ።

መፍትሄው ዕቅድ ነው። በ2025 እንግሊዝ ላይ ከአምስቱ ሦስቱን ብቻ እንዲጫወት አስቀድመው ወሰኑ፣ እንደተባለውም ሆነ። ተከታታዩ 2 ለ2 አለቀ፤ ህንድ ያሸነፈቻቸው ሁለቱም ቡምራ ያልተሰለፈባቸው ናቸው። ይሄን ይዞ «ያለሱ ይሻላል» የሚል ሰው አጋጥሞኛል፣ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ። ኤጅባስተን ላይ ጊል 269 እና 161 መቷል፣ አካሽ ዲፕ 10 ዊኬት ወስዷል። ኦቫል ላይ በ6 ራን ብቻ ነው ያሸነፉት። የሚያሳየው ሌሎቹ ወርዋሪዎች እንደደረሱ ነው፤ በተለይ አምስቱንም ተጫውቶ 23 ዊኬት የወሰደው ሞሃመድ ሲራጅ። ሲራጅን በዚህ ጽናቱ ያልመዘነ ግምገማ ጎደሎ ነው።

ምልክት፦ ወርዋሪው ጥሩ ወረወረ፣ ዊኬት ግን የለም

ካቾቹን ቁጠሩ። በ2025 ሊድስ ላይ የህንድ መቺዎች አምስት ጊዜ መቶ ደርሰው (ፓንት ብቻውን ሁለቴ) ቡድኑ ተሸነፈ፤ በቴስት ታሪክ በአንድ ጨዋታ አምስት ጊዜ መቶ የተመታለት ቡድን ሲሸነፍ የመጀመሪያው ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ ያመለጡት ካቾች ናቸው። ያሻስቪ ጃይስዋል ራሱ 101 መትቷል፣ ግን ደጋግሞ ካች ጣለ፤ ሁለተኛው ኢኒንግ ላይ የእንግሊዙ ቤን ደኬት 97 ላይ እያለ አመለጠው፣ ደኬትም እስከ 149 ሄደ። ሠንጠረዡ ላይ ጃይስዋል መቶ ያለው ነው። ወርዋሪዎቹ ደግሞ ዊኬት ያጡ ናቸው። ስለዚህ ካች የጣለ ሰው ወረቀት ላይ የተረፈው መቺ ከዚያ በኋላ ያመጣውን ራን ጻፉ፣ ከወርዋሪው ወረቀት ላይ ደግሞ ያንን አንሱለት። ለቅጣት አይደለም። ስሊፕ ላይ ማን መቆም እንዳለበት የሚወሰነው በዚህ ነው።

ምልክት፦ ግምገማው ራሱ ቡድኑን አፈረሰ

አውስትራሊያ በ2013 ህንድ ላይ ስትሸነፍ አሰልጣኝ ሚኪ አርተር እያንዳንዱ ተጫዋች ራሱንና ቡድኑን ለማሻሻል ሦስት ነጥብ እንዲያቀርብ አዘዘ። አራት ተጫዋቾች አላቀረቡም፦ ዋትሰን፣ ፓቲንሰን፣ ኸዋጃና ሚቸል ጆንሰን። አራቱም ለሞሃሊው ጨዋታ ከምርጫ ውጪ ሆኑ። ተከታታዩ 4 ለ0 አለቀ፣ አርተርም በዚያው ዓመት ጁን ላይ ተሰናበተ። ጆንሰን ደግሞ ጥቂት ወራት ቆይቶ በአሽስ (በአውስትራሊያና በእንግሊዝ ተከታታይ) 37 ዊኬት ወስዶ እንግሊዝን 5 ለ0 አስጠረገ።

በዚያው አሽስ ከእንግሊዝ በኩል ብዙ ራን ያመጣው ኬቨን ፒተርሰን ነበር፣ 294። ከጉዞው በኋላ ለእንግሊዝ ዳግም ያልተጫወተውም እሱ ነው። ቦርዱ የራሱ ምክንያት ነበረው፤ ጉዳዩ በራን ብቻ የሚታይ አልነበረም።

በሁለቱም ታሪክ የጨዋታ ብቃትና የዲሲፕሊን ጉዳይ አንድ ወረቀት ላይ ተጻፈ። ለያዩት። ብቃት በቪዲዮና በቁጥር ይታያል፤ ጸባይ በአምበሉና በአሰልጣኙ ፊት፣ በሩ ተዘግቶ ይነገራል። ሰውየው በጸባዩ ከቀረ በጸባዩ እንደቀረ ይነገረው። ስብሰባውንም ተጫዋቹ ራሱ ይጀምረው፦ «የወጣህባቸውን አሳየን፣ ምን አየህ?» አብዛኛው ሰው ችግሩን ያውቀዋል፤ የሚፈራው እናንተ ምን ታደርጉበታላችሁ የሚለውን ነው።

ምልክት፦ መድኃኒቱ ተሰጠ፣ ግን የሚሠራ መሆኑ አልታወቀም

«የአገር ውስጥ ጨዋታ ይጫወትና ይመለስ» ጥሩ ነው፣ ለሁሉም በሽታ ግን አይሠራም። ከዚህ የሚሻለው ሁለተኛውን ቡድን ቀደም ብሎ ወደዚያው አገር መላክ ነው። እሱም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ካሩን ናይር ከ2025ቱ ተከታታይ በፊት ካንተርበሪ ላይ ከእንግሊዝ ሁለተኛ ቡድን ጋር 204 መታ። ዋናዎቹ ወርዋሪዎች ሲመጡ ግን በ8 ኢኒንግ 205 ራን ነው ያገኘው። የመዘጋጃው ጨዋታ ያን ያህል አልከበደም ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ የሚስተካከለው ምን እንደሆነ፣ በምን ዓይነት ኳስና ፒች እንደሚፈተን፣ ማን መቼ እንደሚያየው። የሚቀጥለው ጉዞ ምርጫ ሲደረግ መጀመሪያ የሚከፈተው ይሄ ወረቀት ይሁን።