ዝቅ ያለች መኪና ጎማ ስትበላ፦ የአላይመንት (የጎማ አቅጣጫና ዝንባሌ ማስተካከል) ችግርና መፍትሄ

የኔዋ ቶዮታ 86 ናት። ከቨርጂኒያ ዲሲ ለሥራ በየቀኑ የምመላለስባትም እሷው ናት። ኮይልኦቨር (ከፍታው የሚስተካከል ሞላና ሾክ) ገጥሜ 3 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ አደረግኳት። አማረች። ዓመት ሳይሞላት ግን የኋላ ጎማዎቿ ውስጠኛ ጠርዝ ሽቦው እስኪታይ ድረስ አለቀ። ከውጭ ለሚያያቸው አዲስ ይመስላሉ። ያወቅኩት ዘይት ልቀይር ክሪክ ላይ ሳወጣት ነው።

ጎማው ከውስጥ በኩል ብቻ ያልቃል

ሰው ሁሉ የሚወቅሰው ካምበርን ነው። ካምበር ማለት ከመኪናዋ ፊት ለፊት ቆማችሁ ስታዩ ጎማው ያለው ማዘንበል ነው። አናቱ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ኔጌቲቭ ይባላል። መኪና ዝቅ ስትል ኔጌቲቭ ካምበር መጨመሩ እውነት ነው። ጎማ ጨራሹ ግን ብዙውን ጊዜ ቶው ነው። ቶው ከላይ ሲታይ የጎማው አፍንጫ ወደ ውስጥ (ቶው ኢን) ወይም ወደ ውጭ (ቶው አውት) መዞሩ ነው። ሞላ ሲቀየርና ከፍታ ሲቀንስ እሱም አብሮ ይቀየራል።

ሂሳቡን እዩት። አንድ ጎማ 0.2 ዲግሪ ብቻ ከዞረ በእያንዳንዱ ኪሎሜትር 3.5 ሜትር ያህል ወደ ጎን እየተፋቀ ነው የሚሄደው። ካምበሩ ክብደቱን ውስጠኛው ጠርዝ ላይ ይጭነዋል፣ ቶው ደግሞ እዚያው ላይ ሞረድ ይሆንበታል።

የቱ እንደሆነ ለመለየት ማሽን አያስፈልግም። ጋሼ የምላቸው አንድ አንጋፋ መካኒክ አሉ። ጎማዬን አይተው ምንም ሳይሉ መዳፋቸውን በጥርሶቹ ላይ አሳለፉ። ከውስጥ ወደ ውጭ ሲሄድ ልስልስ። ከውጭ ወደ ውስጥ ሲመልሱት እንደ መጋዝ ያዛቸው። «ቶው አውት ነው። እስቲ እጅህን አምጣ» ብለው የኔንም መዳፍ አስነኩኝ። ተቃራኒው ከሆነ፣ ማለትም ወደ ውጭ ሲሄድ ከያዘ፣ ቶው ኢን በዝቷል ማለት ነው። መጋዝ ሳይኖረው በልስላሴ ከውስጥ ብቻ ካለቀ ደግሞ ያኔ ካምበርን ጠርጥሩ። ሽቦ የወጣበት ጠርዝ ላይ ግን እጃችሁን አታሳርፉ፤ ይቆርጣል።

መፍትሄው ላይ 86 ያላቸው ሰዎች አንድ ነገር ማወቅ አለባቸው። ከፋብሪካ ስትወጣ ከፊትም ከኋላም የሚስተካከለው ቶው ብቻ ነው። ጋራዡ «ካምበሩ አይስተካከልም» ቢላችሁ እየዋሸ አይደለም። ከፊት ካምበር ለማስተካከል የካምበር ብሎን ወይም ኮይልኦቨሩ አናት ላይ የሚቀመጥ የካምበር ፕሌት ያስፈልጋል። ከኋላ ደግሞ ርዝመቱ የሚስተካከል የታችኛው ክንድ (ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘው ብረት) መግዛት ነው። እኔ የኋላውን ክንድ ለሁለት ጥንድ ጎማ ከምከፍል ብዬ ገዛሁት። አልቆጨኝም።

በየቀኑ ለሚነዳት ሰው የምመክረው ቁጥር ይሄ ነው፦ የፊት ካምበር ከ-1.5 እስከ -2 ዲግሪ፣ የፊት ቶው ዜሮ፣ የኋላ ካምበር -1.5 አካባቢ፣ የኋላ ቶው በድምሩ ከ0.1 እስከ 0.2 ዲግሪ ወደ ውስጥ። በ17 ኢንች ጎማ 0.1 ዲግሪ ማለት 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የኋላ ቶው አውት ይቅርባችሁ። ዝናብ ላይ ጅራቷን ታወዛውዛለች።

አሰርቼ ሳምንት ሳይሞላ ተበላሸ

ይሄ በራሴ የደረሰ ነው። አላይመንት አሰራሁ፣ ቅዳሜ ደግሞ «ትንሽ ከፍ ብላለች» ብዬ ከፍታዋን ቀነስኩ። የከፈልኩት ገንዘብ ውሃ በላው። ከፍታ በተነካ ቁጥር ካምበርም ቶውም ይቀየራል።

ከፍታውን መጀመሪያ ጨርሱ። ከዚያ የክንዶቹን ብሎኖች መኪናዋ በራሷ ክብደት መሬት ላይ እንደቆመች አጥብቁ። ጎማው ተንጠልጥሎ ከጠበቁ፣ መኪናዋ ስትወርድ ጎሚኒዎቹ ተጠምዝዘው ይቀራሉ። ከፍታው ይዛባል፣ ጎሚኒውም ቶሎ ይቀደዳል። ከዚያ ጥቂት ቀን ንዷትና አዲሱ ሞላ ቦታውን ይያዝ። አላይመንት መጨረሻ ላይ ነው።

ከፍታ ሳትነኩ ከተበላሸ ግን የካምበሩ ብሎን ተንሸራቶ ይሆናል። በተለይ ጉድጓድ ውስጥ ከገባችሁ። እኔ አሁን ከተስተካከለ በኋላ በብሎኑና በአካሉ ላይ አንድ የነጭ ቀለም መስመር አሰምራለሁ። መስመሩ ከተሰበረ ተንሸራቷል።

ወረቀቱ ሁሉ አረንጓዴ ነው፣ መኪናዋ ግን ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች

የአላይመንት ማሽኑ በሚያትመው ወረቀት ላይ አረንጓዴ ማለት «ፋብሪካው ከፈቀደው ክልል ውስጥ ነው» ማለት ብቻ ነው። ክልሉ ሰፊ ነው። ግራው በአንዱ ጫፍ፣ ቀኙ በሌላው ጫፍ ሆኖ ሁለቱም አረንጓዴ ሊሆኑ ይችላሉ። ቀለሙን ትታችሁ የግራና የቀኙን ልዩነት አንብቡ። መኪና ካምበሩ ይበልጥ ፖዘቲቭ ወደሆነበት፣ ካስተሩም (ከጎን ሲታይ የፊት ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ ማዘንበሉ) ወደሚያንስበት ጎን ትጎትታለች።

ጋራዥ ከመመለሳችሁ በፊት ግን ነፃውን ምርመራ አድርጉ። ንፋስ ለኩ። የፊት ጎማዎቹ አቅጣጫ የሌላቸው ዓይነት (ጎናቸው ላይ የመዞሪያ ቀስት የሌለባቸው) ከሆኑ ግራና ቀኝ አቀያይሯቸው። መጎተቱ ጎኑን ከቀየረ ችግሩ ጎማው ራሱ ነው፣ አላይመንት አያድነውም። ትንሽ ነድታችሁ ስትቆሙ አንዱ ቸርኬ ከሌላው ይበልጥ ከጋለ ፍሬኑ ይዞ ነው። መንገድ ራሱ ለውሃ መውረጃ ወደ ጠርዙ ስለሚያዘነብል፣ ጠፍጣፋ ቦታ ሳትሞክሩ አትፍረዱ።

ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ መሪው ግን ጠማማ ነው

የኋላ ጎማዎቹ ሁለቱም በትንሹ ወደ አንድ ጎን እያዩ ይሆናል። መኪናዋን ወደዚያ ይገፏታል፣ እናንተ ደግሞ ሳታውቁት በመሪ ትመልሷታላችሁ። የፊቱን ብቻ አስተካክሎ የሚሰጥ ጋራዥ ይሄን አያገኘውም። አራቱም ጎማ ይለካ፤ የኋላው ይቅደም፣ የፊት ቶው መሪው መሃል ላይ ተቆልፎ መጨረሻ ላይ ይሁን። ካምበር ሲነካ ቶው ስለሚቀየር ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። ከዚያ በኋላ የመረጋጊያው መብራት ዳሽቦርድ ላይ ከበራ የመሪው ሴንሰር ዜሮ ይደረግላችሁ።

በፍጥነት ትንቀጠቀጣለች

አላይመንት አይደለም። ባላንስ አሰሩ። ቸርኬ ከቀየራችሁ መሃሉ ላይ ያለውን ቀዳዳ እዩ። የ86 መሃል 56.1 ሚሊሜትር ሲሆን የገበያው ቸርኬ ብዙ ጊዜ 73.1 ነው። ክፍተቱን የሚሞላው ቀለበት ከሌለ መንቀጥቀጡ ሊመጣ ይችላል።

ጋራዡ አልቀበልም ይላል

ማሽኑ ላይ ስትወጣ ባምፐሯ ይመታል ብለው ይፈራሉ። አስቀድማችሁ ደውሉ፣ ዝቅ ያለች መሆኗን ንገሯቸው። እኔ ማሽኑ ላይ ስትወጣ ከጎማዋ ስር የሚገባ ሁለት ጣውላ ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ይዤ ነው የምሄደው። የፈለጋችሁትን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ። በቃል ከሆነ «አረንጓዴ አድርጌልሃለሁ» ነው መልሱ። የቸርኬ መቆለፊያ ቁልፉን አትርሱ፤ እኔ ረስቼ ከመንገድ ተመልሻለሁ። ብቻችሁን የምትነዱ ከሆነ የናንተን ያህል ክብደት ወንበሩ ላይ እንዲያስቀምጡ ጠይቁ። አንዳንዱ ይስቅባችኋል፣ አንዳንዱ ያደርገዋል።

በፊትና በኋላ የተለካበትን ወረቀት ሳትቀበሉ አትውጡ። የኔ መሳቢያው ውስጥ አራት ተጣጥፈው አሉ። እዚህ አካባቢ ክረምቱ ሲያልቅ መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ይሆናል፤ ሚያዝያ ላይ አስለክቼ ከአሮጌው ጋር አስተያያለሁ።