ለመንገድም ለትራክም የሚሆን ጎማ፦ ከምልክቱ ተነስቶ መፍትሄውን ማግኘት

ከቨርጂኒያ ወይም ከሜሪላንድ ተነስቶ ዌስት ቨርጂኒያ ባለው የሳሚት ፖይንት ትራክ (የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ) ላይ ሲነዳ ውሎ በዚያው ጎማ ወደ ቤቱ ለሚመለስ ሰው፣ «ጎማው አይዝም» የሚያሰኘው ችግር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከንፋስና ከአላይመንት (ከጎማው አቀማመጥ ማዕዘን) ነው። ሌላ ጎማ ከመግዛትዎ በፊት ምልክቱን ይለዩ።

ምልክት፦ ሁለት ሦስት ዙር በደንብ ይዞ ከዚያ ኩርባ ላይ መንሸራተት ይጀምራል።

ምክንያት፦ ጎማው ሲግል የውስጡ ግፊት ይጨምራል። ጠዋት 35 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) የተሞላ ጎማ ከጥቂት ዙር በኋላ 42 ቢደርስ አይግረምዎ። ንፋስ ሲበዛ መሃሉ ያብጣል፣ አስፋልቱን የሚነካው ክፍል ያንሳል፣ ያ ክፍል ደግሞ ይብስ ይግላል።

መፍትሄ፦ ጠዋት 28 አካባቢ አድርገው ይግቡ። እንደወጡ፣ ጎማው ሳይቀዘቅዝ፣ አራቱንም ይለኩና ከ34 በላይ ያለውን ያስተንፍሱ። አምራቹ ሌላ ቁጥር ከሰጠ የእሱን ይያዙ። ማታ ጎማው ሲቀዘቅዝ የሾፌሩ በር ላይ በተለጠፈው ልክ መልሰው ይሙሉ፤ ይህን መርሳት ሀይዌይ ላይ አደገኛ ነው።

ንፋሱ ተስተካክሎም ካልተሻለ ምርጫው ነው የተሳሳተው። ትሬድዌር (ጎማው ሳያልቅ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚያሳይ ቁጥር) 200 የተጻፈባቸው ጎማዎች ሁሉ አንድ አይደሉም፤ ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ነው። ዮኮሃማ አድቫን ኤ052 ወዲያው ይይዛል፣ ግን ቶሎ ይግላል፤ ለጥቂት ፈጣን ዙሮች ነው የሚሆነው። በተከታታይ 20 ደቂቃ ለሚነዳ ሃንኩክ ቬንተስ አርኤስ4 ይሻላል፤ አያያዙ ጥቂት ቢያንስም ሳይለዋወጥ ይቆያል፣ ቶሎም አያልቅም። ለጀማሪ ግን ሚሼሊን ፓይለት ስፖርት 4ኤስ ከበቂ በላይ ነው፤ ዝናብም ላይ ያስተማምናል።

ምልክት፦ የውጭው ጠርዝ ተበልቶ ሸራው ሊታይ ነው፣ መሃሉ ግን ጥርስ አለው።

ምክንያት፦ ካምበር (ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ የሚያዘነብልበት ማዕዘን) አንሷል፣ ወይም ንፋሱ ከልክ በላይ ወርዷል።

መፍትሄ፦ ከመግባትዎ በፊት ከጎማው ጠርዝ እስከ ጎኑ ድረስ በነጭ ጠመኔ ያስምሩ። ብዙ ጎማዎች ጠርዛቸው ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን አላቸው፤ ሲወጡ ጠመኔው ከእሷ አልፎ ወደ ጎን ከጠፋ ጎማው እየተጣጠፈ ነውና 2 ፒኤስአይ ይጨምሩ። ጠመኔው ምልክቷ ጋ ቆሞ ጠርዙ አሁንም የሚበላ ከሆነ የፊቱን ካምበር ከኔጌቲቭ 2 እስከ 2.5 ዲግሪ ያስደርጉ። ቶው (የጎማዎቹ ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞር) ዜሮ አካባቢ ይሁን፤ ካምበሩ ላይ የተዛባ ቶው ሲጨመር ሀይዌይ የውስጡን ጠርዝ ይጨርሰዋል።

ምልክት፦ በዝናብ መኪናው ውሃ ላይ ይንሳፈፋል።

ምክንያት፦ እነዚህ ጎማዎች ውሃ ማስወጫ ቦያቸው ጥቂት ነው፣ ከአዲስነታቸውም ጥልቀት የላቸውም።

መፍትሄ፦ ሕጉ የጥርሱ ጥልቀት እስከ 1.6 ሚሊሜትር እንዲወርድ ቢፈቅድም ከ3 በታች ሲደርስ በዝናብ አይውጡበት። በዝናብ ሥራ መሄድ ግድ ከሆነ ሁለተኛ ቸርኬ ከመንገድ ጎማ ጋር ይያዙ።

ምልክት፦ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ግን እንደ ፕላስቲክ ይንሸራተታል።

ምክንያት፦ ብርድ ወይም እርጅና። የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይደርቃል፤ ከኔጌቲቭ 7 በታች ከተነዳ ሊሰነጠቅ ይችላል። ደጋግሞ የጋለና የቀዘቀዘ ጎማም ሳያልቅ ይጠነክራል።

መፍትሄ፦ ክረምቱን ቤት ውስጥ ያስቀምጡት። ያገለገለ ሲገዙ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች ያንብቡ፦ 2321 ማለት የ2021 23ኛ ሳምንት ነው። የጠነከረን ጎማ የሚያለሰልስ ነገር የለም፤ ይቀይሩት።

ምልክት፦ ከትራክ መልስ መሪው ይንቀጠቀጣል።

ጎማው ላይ የተለጠፈ የላስቲክ ፍርፋሪ ከሆነ ጥቂት ኪሎሜትር ሲነዱ ይለቃል። ካልለቀቀ የባላንስ እርሳስ ወድቆ እንደሆነ ቸርኬውን ይዩ፤ እሱ ካለ ፍሬን ሲይዙ ጎማው ተቆልፎ አንድ ቦታ ተልጧል።