የሐምሌ ደመወዝ ሳይከፈል ቀመሩን እዩት

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሠራተኛ ቀጥራችሁ የምታሠሩ ሁሉ፣ የደመወዝ መክፈያ ኤክሴላችሁን ዛሬውኑ ክፈቱና የግብር ቀመሩን ፈትሹ።

በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት፣ ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ እስከ 2,000 ብር የሚደርስ ወርሃዊ ደመወዝ ግብር አይከፈልበትም። ድሮ ነፃ የነበረው 600 ብር ብቻ ነበር። የግብር እርከኖቹም ተቀይረዋል፤ ከፍተኛው የ35 በመቶ ግብር አሁን የሚጀምረው ከ14,000 ብር በላይ ነው።

መፈተሻው ቀላል ነው። 5,000 ብር ደመወዝ አስገቡ። ግብሩ 500 ብር ከመጣ ደህና ነው። 697.50 ካላችሁ ግን ቀመሩ የድሮው ነው፤ ከዚያ ሠራተኛ በየወሩ 197.50 ብር ያለአግባብ እየተቆረጠ ነው ማለት ነው። ይህ በዛሬ ኑሮ ለአንድ ቤተሰብ ቀላል ገንዘብ አይደለም። እባካችሁ ቸል አትበሉት።

የግል ድርጅት ጡረታው ያው ነው፦ 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው።

የሻይ ቤት ወሬ ሰምታችሁ ግን ቀመር አትንኩ። አዋጁን ከነጋሪት ጋዜጣ ላይ አንብቡ፣ ያልገባችሁን ገቢዎች ጠይቁ። አዲስ ኢንቨስት የምታደርጉም ብትሆኑ፣ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር በየዓመቱ ሰኔ መጨረሻ ላይ ከሒሳብ ባለሙያችሁ ጋር ቁጭ በሉ።