ሂሮሺማ ከሄዳችሁ በጉልላቱ አታብቁ

ብዙ ጎብኚ የአቶሚክ ቦምብ ጉልላቱን፣ ማለትም ከቦምቡ የተረፈውን ባለ ጉልላት ፍራሽ ሕንፃ፣ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። ከተማው ሲወድም ይሄ ሕንፃ እንዴት ቆሞ ቀረ የሚለው ግን ግር ያሰኛል።

ከጉልላቱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 160 ሜትር ያህል በእግር ሂዱ። ሺማ ሆስፒታል አጠገብ፣ መንገድ ዳር፣ ትንሽ የመታሰቢያ ምልክት አለች። ሰው ሳያያት ነው የሚያልፈው። እዚያ ቆማችሁ ቀጥ ብላችሁ ወደ ሰማይ እዩ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1945 ቦምቡ የፈነዳው እዚሁ አናታችሁ ላይ፣ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። ጉልላቱ ለዚህ ነጥብ በጣም ቅርብ ስለነበር ግፊቱ የመጣበት ከጎን ሳይሆን ከላይ ነው። ጣሪያው ወደመ፣ ግድግዳው ግን በከፊል ቆመ። ውስጥ የነበሩት ሰዎች አንድም አልተረፉም።

ሺማ ሆስፒታል ዛሬም ሕመምተኛ የሚታከምበት ስለሆነ በቡድን ሆናችሁ እየተንጫጫችሁ ባትሄዱ ይሻላል።