የላዳዬ የሙቀት ጌጅ አልነሳ ሲል

መኪናዋ ላዳ 2106 ናት። ረጅም መንገድ ተነድታም የሙቀት ጌጇ ቀስት ከታች ፈቀቅ አትልም። ቤንዚን ትበላለች፤ ማሞቂያውም ለብ ያለ አየር ብቻ ነው የሚነፋው።

መጀመሪያ የሞተሩን ሙቀት ለጌጁ የሚነግረውን ሴንሰር ቀየርኩ። ለውጥ የለም። ቀጥሎ የሴንሰሩን ሽቦ ነቅዬ፣ ቁልፉን ከፍቼ፣ ጫፉን ከሞተሩ ብረት ጋር ለአፍታ አነካካሁት። ቀስቷ ተስፈንጥራ ቀዩ ላይ ወጣች። ጌጁም ሽቦውም ደህና ናቸው ማለት ነው።

ነገሩ የተገለጠው በእጅ ዳሰሳ ነው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አስነሳሁና ከራዲያተሩ ግርጌ ወደ ቴርሞስታቱ (የማቀዝቀዣውን ፈሳሽ መንገድ እንደ ሙቀቱ ወደሚከፍተውና ወደሚዘጋው ቫልቭ) የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ያዝኩት (እጃችሁን ከፋኑና ከቺንጋው አርቁ)። ቴርሞስታቱ 80 ዲግሪ አካባቢ እስኪከፍት ድረስ ይህ ጎማ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። የእኔ ግን ወዲያው መሞቅ ጀመረ። ቴርሞስታቱ እንደተከፈተ ቀርቷል፤ ሞተሩ በደንብ ያልሞቀው ለዚህ ነው።

አዲሱን ከመግጠሜ በፊት ድስት ውሃ ውስጥ ከትቼ ውሃውን እያሞቅሁ፣ 80 ዲግሪ አካባቢ መክፈቱን በቴርሞሜትር ፈተሽኩ። ይህን አትዝለሉ፤ አዲስ ሆኖ የማይሠራም አለ። ኩላንቱን (የሞተሩን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ስሞላ የማሞቂያውን መክፈቻ ከፍቼ አየሩን አስወጣሁ። አሁን ቀስቷ መሃል ላይ ትቆማለች፣ ማሞቂያውም ትኩስ ይነፋል።