ኦቨርድራይቭ አልገባም ሲል መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ፈትሹ

የድሮ መኪናዬ ኦቨርድራይቭ (ከጊርቦክሱ ጋር ተያይዞ የሞተሩን ዙር የሚቀንሰው ተጨማሪ ማርሽ) አንዳንዴ ይገባል አንዳንዴ ጭራሽ ዝም ይላል፣ ሰው ወዲያው ጊርቦክስ ይውረድ ይላል፣ አትቸኩሉ። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱ፣ አራተኛ ማርሽ አስገቡና የኦቨርድራይቩን ማብሪያ ንኩት፣ ሶሌኖይዱ (ኦቨርድራይቩን የሚያስገባው የኤሌክትሪክ ማግኔት) ቀጭ ካላለ ነገሩ የዘይት ሳይሆን የመብራት ነው። የኔ አላለም። ከባትሪ ቀጥታ ሽቦ ስሰጠው ግን ቀጭ አለ፣ ስለዚህ እሱ ደህና ነው።

ከዛ ጊርቦክሱ ላይ ወዳለችው ስዊች ሄድኩ፣ በከፍተኛ ማርሽ ብቻ ከረንት የምታሳልፈዋ ማለት ነው። ከሷ ወደ ሶሌኖይዱ የሚሄደውን ሽቦ ነቅዬ ስለካ 12 ቮልት፣ መልሼ ሳያይዘው ግን ግማሽ አይሞላም! ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፣ የዛገ ኮኔክተርም ሸክም ከሌለበት ሙሉ ቮልት ያሳያል፣ ስለዚህ ሁሌ ሶሌኖይዱ እንደተያያዘ ለኩ። የስዊቿ ኮኔክተሮች አረንጓዴ ዝገት ይዘው ነበር፣ አጽድቼ አዲስ ተርሚናል አሰርኩበት፣ አሁን በነካሁት ቁጥር ይገባል።

ዲ ታይፕ ሌይኮክ የሚባለው ኦቨርድራይቭ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ፣ የሱ ሶሌኖይድ ሁለት ኮይል (የሽቦ ጥቅል) ነው ያለው፣ አንዱ መሳቢያ ሌላው መያዣ፣ መሳቢያው ከ15 አምፔር በላይ ይጎትታል መያዣው 1 አምፔር አካባቢ ብቻ፣ ፕላንጀሩ (ማግኔቱ የሚስበው ዘንግ) እስከ መጨረሻው ካልገባ መሳቢያው አይቋረጥም ኮይሉም ይቃጠላል፣ ከባትሪ ስትሞክሩት ነካ አድርጋችሁ ልቀቁት።