የድሪፕ ጠብታ ስሌት ለሚያምታታችሁ ነርሲንግ ተማሪዎች
ደብረ ብርሃን በዛ የጠዋት ብርድ ዋርድ ገብታችሁ ኢንስትራክተሩ "1000 ሚሊ ኖርማል ሳላይን በ8 ሰዓት፣ በደቂቃ ስንት ጠብታ?" ብሎ ሲያፋጥጣችሁ ፎርሙላው ከጠፋባችሁ ይቺን ያዙ። መጀመሪያ በሰዓት ስንት ሚሊ እንደሚወርድ አውጡ፣ 1000 ለ8 ሲካፈል 125፣ ከዛ ሴቱ (set፣ ፈሳሹ የሚወርድበት ቱቦ) ባለ 20 ጠብታ ከሆነ፣ ማለትም 20 ጠብታው 1 ሚሊ ከሆነ፣ ለ3 አካፍሉት በቃ፣ 42 አካባቢ ይመጣል። ለምን 3? ሰዓት 60 ደቂቃ ነው፣ 60 ለ20 ሲካፈል 3፣ ሌላ ሚስጥር የለውም። ባለ 15 ከሆነ ለ4፣ ማይክሮድሪፕ (ትንንሽ ጠብታ የሚያወርደው ሴት) ደግሞ ባለ 60 ስለሆነ ማካፈልም የለም ያው 125 ነው። ብቻ የሴቱ ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን ሳታዩ እንዳትጀምሩ፣ በተለይ የደም መስጫው ሴት ሊለይ ይችላል። ፈተና ላይ ግን ሙሉ ፎርሙላውን ጻፉ፣ አንዳንዱ አስተማሪ ለአቋራጭ ማርክ አይሰጥም።